«ይላል» የምትለዋን ቃል አትቁረጡብን

ይድረስ፦ የታሪክ ትረካ ለምታዘጋጁ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ ባለሙያዎች፤ እንዲሁም «እውነተኛ ታሪክ» ተብለው ለገበያ የሚቀርቡ መጻሕፍትን ለምታሳትሙና ለምታርሙ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በእውነትና በፈጠራ መካከል ያለው ድንበር እንዲከበር ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የትረካ አዘጋጆችና አሳታሚዎች፣

እኔ በጎንደር ከተማ ታሪክ የማስተምር መምህር ነኝ። ከዚያ በፊት ግን የእናንተ አድማጭ ነኝ። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ እናቴ በባትሪ የምትሠራውን ሬዲዮ ከፍታ፣ እኛ ልጆቿ ምድጃው ዙሪያ ተሰብስበን ትረካ እየሰማን ነው ያደግነው። ታሪክ ለመማር የወሰንኩት በከፊል እንደ እናንተ ባሉ ሰዎች ድምፅ ተስቤ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሥራችሁን ንቄ እንዳልሆነ በቅድሚያ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

ለመጻፍ የተነሣሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። በአካባቢው የድንበር ጠብ ሲነሣ፣ ደም ሲፈስ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የሚጠሩትም ስለሚያውቁ ብቻ አይደለም፤ የማያውቁትን አውቃለሁ ስለማይሉ ነው።

ካቻምና ከጥምቀት በኋላ ሦስት ወጣቶች ካሜራና መቅረጫ ይዘው ቤታቸው ሄዱ። የአርበኞችን ታሪክ እየሰበሰቡ እንደሆነ ነገሯቸው። አጎቴ ደስ አላቸው። ጠላ ተቀዳ፣ ቆሎ ቀረበ፣ መደቡ ላይ ጋቢ ተነጠፈ። ሁለት ሰዓት ያህል አወሩ።

ከነገሯቸው መካከል አንዱ ይህ ነው። ጣሊያን ወልቀፊት ላይ ምሽጉን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ከመስጠቱ በፊት፣ ጥቂት አርበኞች አንድ ሸለቆ ውስጥ አድረው ሳሉ ሌሊት ተከበቡ። ሦስቱ ሞቱ። ለጠላት መንገድ የመራ ሰው መኖሩን አገሩ ሁሉ ያምናል። ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም። አጎቴ ስሙ የሚነሣውን ሰው ጠቅሰው እንዲህ አሉ፦ «ግማሹ ሰው እሱ ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ ሐሰት ነው፣ እሱማ በዚያው ዓመት በጣሊያን ጥይት ሞቷል ይላል። እኔ አላየሁም፤ አልተወለድኩም። አባቴም እዚያ አልነበረም። የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።»

ይህን ቃል በቃል ላቀርበው የቻልኩት የእህቴ ልጅ ከጎናቸው ተቀምጦ በስልኩ ይቀርጽ ስለነበር ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ትረካው ወጣ። የክራር ድምፅ ይቀድማል፤ ከዚያ አንድ ግሩም ድምፅ ያለው ተራኪ «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ይጀምራል። ያ ሰው በኩራዝ ብርሃን ከጣሊያን መኮንን ጋር ተቀምጦ ሲደራደር ይሰማል። ጠገራ ብር አንድ በአንድ ሲቆጥር የብሩ ቅጭልታ ይሰማል። ሲስቅ ይሰማል። ሚስቱ ስታለቅስና እሱ ሲገፈትራት ይሰማል። ስሙ ከነአባቱ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። መጨረሻ ላይ የአጎቴ ድምፅ ገባ፦ «እሱ ነው።» ቀጥሎ ተራኪው የአጎቴን ስም ጠርቶ «ለሰጡን እውነተኛ ምስክርነት እናመሰግናለን» አለ።

«እሱ ነው ይላል» ከሚለው ንግግር ላይ «ይላል» ተቆርጣለች። ከፊቷ የነበረችው «ግማሹ ሰው»ም የለችም። መቀስ ያረፈው በሁለት ቦታ ብቻ ነው።

የዚያ ሰው የልጅ ልጆች ከአጎቴ ቤት ሁለት ማሳ አልፎ ይኖራሉ። አንደኛው የልጅ ልጅ በሰኔ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እንደምታውቁት በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። የልጅቷ ወገኖች ዳባት ናቸው፤ ትረካውን በስልክ ሰምተው «ከባንዳ ዘር አንጋባም» ብለው መልሰው ላኩ። የሰውየው ቤተሰብ ደግሞ በአጎቴ ላይ ተነሣ። የማርያም ማኅበር አብረው የሚጠጡ ሰዎች ጽዋውን ተለያዩ። ከቤተሰቡ አንዱ ወጣት «አያቴን በአፉ የገደለ ሰው» እያለ መሣሪያ ይዞ መዞር ጀመረ።

ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከጥዱ ሥር ተሰበሰቡ። እኔም ከጎንደር ተነሥቼ ደረስኩ። ስልኩን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ትረካውን ከፈቱት። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አጎንብሰው ሲሰሙ፣ የጠገራ ብሩ ቅጭልታ ከጥዱ ሥር ሲሰማ የተሰማኝን ነገር ልገልጸው አልችልም። «እሱ ነው» የሚለው ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ። በሕይወታቸው ሙሉ በሌሎች መካከል የፈረዱ ሰው፣ በገዛ ድምፃቸው ተከሰው ቆሙ። ብዙ ዝም ብለው ቆይተው «ድምፁ የኔ ነው፤ አልክድም። ጭራው ግን የት ሄደ?» አሉ።

የእህቴ ልጅ ሙሉውን ቅጂ አምጥቶ አሰማ። ሽማግሌዎቹ ተረዱ፣ እርቅ ወረደ፣ ያ ወጣትም መሣሪያውን ወደ ቤቱ መለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሙሉውን ቅጂ የሰሙት ግን ከጥዱ ሥር የነበርነው ሰዎች ብቻ ነን። ትረካውን የሰማው ሌላው ሕዝብ፣ ዳባት ያሉት የልጅቷ ወገኖች ጭምር፣ የሰሙት የተቆረጠውን ነው። ሠርጉ አልተደረገም።

ለአዘጋጆቹ ስልክ ደውዬ ነበር። በትሕትና አነጋገሩኝ። «ለዛ እንዲኖረው ብለን ነው፤ ዋናው መልእክቱ ነው» አሉኝ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ጉዳዩ የእነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን ለእነሱ ብቻ እልከው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ጥዬ ስሰማ ግን ያው አሠራር በየቦታው እንዳለ አየሁ።

እስቲ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ላንሣ። በአማርኛ እማኝነትም ጥርጣሬም የሚቀመጡት በንግግሩ ጭራ ላይ ነው። «መጣ» እና «መጣ አሉ»፣ «ገደለው» እና «ገደለው ይባላል»፤ ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው፤ የሚለያያቸው ግን ከመጨረሻ ያለች አንዲት ቃል ናት። የአገራችን ሽማግሌ ይህችን ቃል በከንቱ አይጥላትም። ያየውን «አየሁ» ይላል፣ የሰማውን «ሲሉ ሰማሁ» ይላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተረፈ ብትጠይቁ፣ አባቶች የንቡን ታሪክ ይነግሯችኋል፤ ንቡ ወጥቶ ወራሪውን አባረረው። ሲነግሯችሁ ግን «አባቶቻችን እንዲህ ብለው ነግረውናል» ብለው ነው። የሚያምን ያምናል፣ የሚመረምር ይመረምራል፤ የተታለለ የለም።

ልጆች እንኳ ይህን ድንበር ያውቁት ነበር። አያቴ ተረት ስትጀምር «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን። ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች። አንዱ መግቢያ በር ነው፣ ሌላው መውጫ። ጅብና አህያ የሚነጋገሩት በሁለቱ በሮች መካከል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ተረቱ ጣዕሙ ቀንሶ አያውቅም።

«ታሪክ» የምንለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። የሆነውንም ነገር ታሪክ እንላለን፣ የተተረከውንም ታሪክ እንላለን። የጣና ዳሩ የዘጌ ሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሲያሳትም ርዕሱን «ልብ ወለድ ታሪክ» አለው። ዛሬ በጀግናዋ ስም «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ነው። ያንን ርዕስ ባየሁ ቁጥር የደራሲውን ታማኝነት አደንቃለሁ፤ ይህ ታሪክ የተወለደው ከልብ ነው ብሎ በሽፋኑ ላይ ነገረን። እናንተ ከፊቱ «ልብ ወለድ» የሚለውን ስታነሡት የሚቀረው «ታሪክ» ብቻ ነው። የአጎቴ ንግግር ከጭራው ተቆረጠ፤ ይኸኛው ከራሱ ይቆረጣል።

እርግጥ ይኸው አፈወርቅ የዳግማዊ ምኒልክን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ ያንኑ ጥንቃቄ አላሳየም። ስለዚህም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ተነሣበት። ያ ጽሑፍ ለአሳታሚ በተጻፈ ደብዳቤ መልክ የቀረበ ነው፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሆነውን አስተውሎ ማየት፣ ሳያዳላ መፍረድና አጥርቶ መጻፍ እንዳለበት ያሳስባል። ይህ ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ የተለየ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ክፍሌ ልውሰዳችሁ። ባለፈው ዓመት የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት የወደቀበትን ምክንያት ፈተና ላይ ጠይቄ ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ንጉሡ በመጨረሻው ሌሊት መቅደላ ላይ ለእቴጌ ጥሩወርቅ ተናገሩት ያለውን ረጅም ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ ጻፈ። አንድ ገጽ ሙሉ ነው። ነጥቡን ቀነስኩበት። ዕረፍት ላይ መጥቶ «መምህር፣ ታሪክ ነው እኮ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለኝና አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለእኔ ሰጥቶ፣ አንዱን እሱ ይዞ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሰማነው። ንግግሩ ያምራል። አልዋሽም፣ እኔንም ነክቶኛል።

ግን ከየት መጣ? የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል መቅደላ ሳይደርስ ያበቃል። የአለቃ ወልደ ማርያምን አገላበጥኩ፣ የለም። እዚያው አምባ ላይ ታስረው የነበሩት ራሳምና ብላንክ የጻፉትን አየሁ፣ የለም። ይህን ለተማሪዬ ስነግረው የጠየቀኝ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም፦ «ታዲያ እንዲህ አሳምሮ የጻፈው ሰው ስሙ ለምን አልተነገረም?» እውነቱን ነው። የፈጠራ ሥራን «እውነት» ስትሉት የምትበድሉት ዐፄ ቴዎድሮስን ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያንን ንግግር ያማጠውን ደራሲም ስሙን ትነጥቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ንጉሡ ልብ ወለድ አይጻፍ የምል እንዳይመስላችሁ። የጎንደሩ ልጅ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቴአትሩ ቴዎድሮስን አናግረዋቸዋል። ደግ አደረጉ። እነሱ ልብ ወለድ ነው፣ ቴአትር ነው ብለው ነው የሰጡን። ተማሪዎቼን እነዚያን ሥራዎች እንዲያነቡ አበረታታለሁ። የሚያሳዝነኝ ከእነዚያ ሥራዎች የተቀዳ ንግግር ዛሬ ከደራሲው ስም ተላቅቆ፣ «ዐፄ ቴዎድሮስ እንዳሉት» ተብሎ በትረካ ሲነበብ፣ ከዚያም በከናቴራና በሚኒባስ መስታወት ላይ ሲለጠፍ ሳይ ነው።

«ሰነድ ደረቅ ነው፣ አድማጭ ያንቀላፋል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በዚህ አልስማማም። የቴዎድሮስ የራሳቸው ቃል እኮ አለ! እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ አለ፤ መልስ በመጥፋቱ ምን እንደተከተለ ሁላችንም እናውቃለን። አሮጌ በተባለው ስፍራ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ለእንግሊዙ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር ያስጻፉት ደብዳቤ አለ። ወገኖቼ ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ግብር ገብሩ ሥርዓት ያዙ ብላቸው ጠሉኝ እያሉ ለጠላታቸው ሲናገሩ ይታያል። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ዕድሜ የቀናት ነበር፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጡ። የሚሸነፍ ንጉሥ ለአሸናፊው ስለ ገዛ ሕዝቡ ሲያማርር፤ የትኛው ፈጠራ ነው ከዚህ የሚበልጠው? ይህን በዚያ ግሩም ድምፃችሁ ብታነቡልን ምድጃ ዙሪያ ያለ ሰው አያንቀላፋም።

ድንበሩ ሲጠፋ እውነቱም አብሮ እንደሚጠፋ ከእኛው ከተማ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን አክሟል፣ የራስ ሚካኤል ስሑልን ዘመን በዓይኑ አይቷል፣ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ስለ ጎንደር ሌላ ቦታ የማይገኝ ብዙ እውነት አለ። ግን ብሩስ የግሽ ዓባይን ምንጭ ከአውሮፓውያን ቀድሞ ያየው እሱ እንዲሆን ፈለገ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያ የደረሰውን ፔድሮ ፓኤዝን አላየም ብሎ ተከራከረ። አብሮት የተጓዘውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ወደ ምንጩ ከመሄዳችን በፊት ሞቷል ብሎ ጻፈ፤ ባሉጋኒ ግን አብሮት ነበር፣ የጉዞ ማስታወሻውም ተገኝቷል። የሞተው ከዚያ በኋላ እዚሁ ጎንደር ነው።

ለንደን ብሩስን ውሸታም አለችው። የሚገርመው፣ የሳቀችበት በሐሰቱ አልነበረም፤ ስለ አገራችን ጥሬ ሥጋ አበላል በተናገረውና በመሳሰለው ነበር። አጋንኖ የሚያወራ ሰው እውነቱን ሲናገር የሚያምነው አያገኝም። ዛሬም ስለ ጎንደር የሚያጠና ሰው ብሩስን ሲያነብ በየገጹ ቆም እያለ «ይኼስ እውነት ይሆን?» ማለት ግድ ነው። እናንተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲህ እንድትነበቡ አልፈልግም።

ከውጭ ሰው ሲመጣ ደግሞ እኛው ቀድመን እንቆጣለን። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት መጽሐፍ ጻፈ። የንጉሡ ውሻ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና እየተከተለ የሚጠርግ ሠራተኛ ነበረ አለ፤ ንጉሡ አያነቡም አለ። መስካሪዎቹ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የተጠቀሱ ናቸው፤ ማን እንደሆኑ አንባቢ ሊያጣራ አይችልም። ዓለም ግን እንደ ዘገባ አነበበው፣ እኛም ተቆጣን። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያህል መጽሐፍ ያስጻፈ ንጉሥ አያነብም መባሉ አስቆጥቶናል፤ ልክ ነን። እንግዲያውስ ደባርቅ ላይ ለሞተ አንድ ገበሬም ያንኑ ያህል እንቆጣለት። እሱ መልስ የሚሰጥለት የታሪክ ምሁር የለውም።

ደራሲ በዓሉ ግርማን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም ልብ ወለድ ነው ብሎ ነው። አንባቢ ግን በውስጡ የደርግን የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ሹማምንቱን፣ አስመራን አወቀ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በዓሉ እውነቱን በልብ ወለድ ስም ለመናገር የከፈለውን ዋጋ የሚያውቅ አገር፣ ፈጠራ በእውነት ስም ሲሸጥ ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባውም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ እነሆ። ከባድ አይደለም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ትረካ ስትጀምሩ በሩን አሳዩን። የሆነ ነገር ከሆነ «ታሪክ» በሉ፤ የሆነው ላይ የጨመራችሁት ካለ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ፣ ንግግሮቹ የደራሲው ፈጠራ የሆኑ» በሉ፣ የደራሲውንም ስም ጥሩ። ይህን መጀመሪያም መጨረሻም ተናገሩ፤ መሐል ላይ የሚገባ አድማጭ ብዙ ነውና። ሽማግሌ «ይላሉ» ሲላችሁ «ይላሉ»ን ይዛችሁ ሂዱ። ድምፅ የምትቆርጡ ልጆች ካሏችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ቃል እንደ ትርፍ ቃል እንዳያዩአት ንገሯቸው። በመዝገብም በሁለተኛ ምስክርም ያላረጋገጣችሁትን ክስ ከሆነ የምታወሩት፣ የሰውየውን ስም ለውጡ፤ የልጅ ልጆቹ ያው ቀዬ ላይ ናቸው። ቃሉን ለሰጣችሁ ሰው ትረካውን ከመልቀቃችሁ በፊት መልሳችሁ አሰሙት። ደባርቅ ሩቅ ነው ካላችሁ ስልክ አለ፤ አጎቴ ባይኖራቸው የእህቴ ልጅ አለው። ስሕተት ሲገኝም ማረሚያውን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ተራኪ ድምፅ አንብቡ። በድምፅ የተበላሸ ስም በጽሑፍ ማስታወቂያ አይመለስም።

አሳታሚዎችና አርታኢዎች፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማንኛውም የሕይወት ታሪክ ወይም ማስታወሻ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ንግግር ጣታችሁን አሳርፋችሁ «ይህን ማን ሰማው?» ብላችሁ ጸሐፊውን ጠይቁት። ከሠላሳ ዓመት በፊት በእስር ቤት ሌሊት የተባለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ የሚል ጸሐፊ ቢኖር አልቀየመውም፤ ግን በመቅድሙ ላይ ንግግሮቹን እንዳስታወስኩት ጻፍኳቸው ብሎ ይንገረን። አንዲት መስመር ናት። ለአንባቢ የምትሰጠው ክብር ግን ትልቅ ነው።

በተለይ አጎቴን የመዘገባችሁ ወንድሞቼ ይህን የምታነቡት ከሆነ፣ ሙሉው ቅጂ እኔ ዘንድ አለ። በጠየቃችሁኝ ሰዓት እሰጣችኋለሁ። ዳባት ያሉት ሰዎች ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ከእኔ ይልቅ ያምኑታል።

ባለፈው ፋሲካ አንድ ተማሪዬ ስለ ወልቀፊት ጽሑፍ ሊሠራ ፈልጎ አብሮኝ ወደ አጎቴ ሄደ። በደስታ ተቀበሉት። ጠላ ቀዱለት፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ከሊማሊሞ ማዶ ስላሉ ዘመዶቻቸው አጫወቱት። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ስለ አርበኞቹ ሲጠይቃቸው ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «አላውቅም ልጄ» አሉት።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የታሪክ መምህር
ጎንደር